ቮላኖ ማውጫ ልሥራው ወይስ ልግዛው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። (ለሙያው አዲስ ለሆነ፦ ቮላኖ ሞተሩ ጎን ላይ የሚዞረው ከባድ መንኮራኩር ነው፤ ኮሎ እሱ የተሰካበት የሞተሩ ዋና ዘንግ፤ ፋሻ ደግሞ ፒስቶኑን የሚከብበው ቀለበት።) አንድ ወጣት ተክለሃይማኖት አካባቢ ጠባብ ሱቅ ተከራይቶ ጄኔሬተርና የውሃ ፓምፕ መጠገን ከጀመረ ስምንት ወሩ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ቁልፍና ካቻቢቴ አሟልቻለሁ። የቸገሩኝ ልዩ ልዩዎቹ ናቸው። ቮላኖ ማውጫ፣ የፋሻ መጭመቂያ፣ የኮምፕሬሽን መለኪያ። ሁሉንም ልግዛ ብል ኪራዬን ይበላብኛል። ባለፈው ሳምንት የአንድ ጄኔሬተር ቮላኖ በመዶሻ ላወጣ ስል የኮሎውን ጫፍ አበላሸሁት፤ አሁን ዳዶው አልገባ አለኝ። የትኛውን ራሴ ልሥራ? የትኛውን ልግዛ?»

ወንድሜ፣ የኮሎ ጫፍ በመዶሻ ያላበላሸ ጠጋኝ እኔ አላውቅም። አንተ ካወቅህ አስተዋውቀኝ። የአንተው ኮሎ መዳኛ አለው፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ልሥራ ወይስ ልግዛ የሚለውን እኔ በዋጋ አልለየውም። ሁለት ነገር ነው የማየው። መሣሪያው ቢሰበር ማንን ይመታል? ቢዋሸኝስ በምን አውቃለሁ? አንድን ነገር ይዞ የሚያቆም፣ ወይም «እዚህ ጋ ያፈስሳል» ብሎ የሚጠቁም ከሆነ በራስህ እጅ ሥራው። ቁጥር የሚናገር ከሆነ ግን ቁጥሩን የሚናገረው ክፍል የተገዛ ይሁን። የሚወጠርና የሚስብ ከሆነ ደግሞ ብረቱን ሳታውቅ እንዳትጀምር።

በዚህ ሚዛን ሁልጊዜ ግዛ የምልህ ነገር ፊለር ጌጅ ነው፤ ጠባብ ክፍተት የሚለካበት የስስ ብረቶች ስብስብ። የሆንዳ ጂኤክስ 160 (ያ ትንሹ የጄኔሬተርና የፓምፕ ሞተር) ቫልቮላ፣ ማለትም የሲሊንደሩ መግቢያና መውጫ በር፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በመግቢያው 0.15፣ በመውጫው 0.20 ሚሊሜትር ክፍተት ይፈልጋል። ልዩነታቸው 0.05 ነው። ይህንን በወረቀትም በላሜራ ቁራጭም ልትገምተው አትችልም። ወረቀት ሲጫኑት ይሳሳል፣ ላሜራው ደግሞ ጠርዙ ላይ ሸካራ ነው። ፊለር ጌጅ ከአንድ ምሳ ብዙም አይበልጥም። ግዛና እርሳው።

አሁን ወደሚሠሩት። የመጀመሪያው መሣሪያህ ገመድ ነው። ቀልድ አይደለም።

የቮላኖ ዳዶ ስትፈታ ቮላኖው አብሮህ ይዞራል። ብዙ ልጆች ካቻቢቴ በቮላኖው ክንፎች መካከል ይሸጉጣሉ። ክንፉ ይሰበራል፣ ሞተሩ ከዚያ በኋላ እንደ ወፍጮ ይንቀጠቀጣል። አንዳንዱ ደግሞ አሮጌ ካንዴላ (እሳቱን የሚሰጠው) ላይ ብረት በይዶ በካንዴላው ቀዳዳ ይከተዋል። ፒስቶኑ አልሙኒየም ነው፤ ያ ብረት ይበሳዋል። ገመድ ግን ለስላሳ ነው፣ ጭነቱንም በፒስቶኑ ራስ ላይ ያሰራጨዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከ6 እስከ 8 ሚሊ ውፍረት ያለው፣ 80 ሳንቲሜትር ገደማ የናይለን ገመድ ቁረጥ። አንዱን ጫፍ በእሳት አቅልጠህ አለዝበው። በሌላኛው ጫፍ በደንብ ቋጥር፤ ቋጠሮው ሁልጊዜ ውጭ ይቀራል። ካንዴላውን ፍታና ጣትህን ቀዳዳው ላይ አድርገህ ሞተሩን ቀስ ብለህ አዙር። አየሩ ጣትህን ሲገፋው መጭመቂያው ምት ላይ ነህ፣ ሁለቱም ቫልቮላዎች ዝግ ናቸው ማለት ነው። ዳዶው ሲፈታ ኮሎውን ወደኋላ ስለሚያዞር፣ ፒስቶኑ ጫፉን አልፎ ጥቂት መውረድ ሲጀምር አቁምና ገመዱን እያጠፍህ ሙላው። ከዚያ ዳዶውን ፍታ። ፒስቶኑ ገመዱን ይጫነውና ቀጥ ይላል።

ምቱን ሳታረጋግጥ ከሞላኸው ግን ገመዱ በተከፈተ ቫልቮላ ሥር ይገባና ቫልቮላውን ታጣምማለህ። ቃጫ ገመድም አትጠቀም። ጭረቱ ውስጥ ይቀራል፣ ተመልሶ የሚያሳድድህ እሱ ነው። ይኸው ገመድ ሌላም ጥቅም አለው። ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ሳታወርድ የቫልቮላ ስፕሪንግ መቀየር ከፈለግህ ሲሊንደሩን በገመድ ሙላው፤ ቫልቮላው ወደ ውስጥ አይወድቅብህም።

ወደ ቮላኖ ማውጫው እንምጣ። ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ የጎን ቡሎኖቹ ቮላኖው ላይ ይታሰራሉ፣ የመሀሉ ቡሎን ኮሎውን ሲገፋ ቮላኖው ይወጣል። በዚህ የምናገረው ከጠባሳዬ ነው።

ዶሮ ማነቂያ ገና ሳይፈርስ እዚያ አካባቢ አንዲት ክፍል ነበረችኝ። የጭቃ ግድግዳ፣ አንድ ሞርሳ፣ አንድ አምፖል። ክረምት ነበር፤ መብራት በየቀኑ ይጠፋል፤ የፀጉር ቤቱም የጁስ ቤቱም ጄኔሬተር በሬ ላይ ተሰልፏል። ማውጫ አልነበረኝም። 3 ሚሊ ላሜራ ቆረጥኩ፣ ሦስት ቀዳዳ በሳሁ፣ ቡሎኖቹን ከአሮጌ የብረት በር ፈታሁ። ኮራሁበት እንዲያውም። የመጀመሪያው ዙር ላይ ላሜራው እንደ እንጀራ ተቀለበሰ። እኔ ደግሞ እልህ ያዘኝ። ሦስተኛው ዙር ላይ የአንዱ ቡሎን ራስ ተቆረጠና ጆሮዬን ታክኮ አለፈ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር በስቶ ጭቃው ውስጥ ተቀበረ። ቀና ብል ኖሮ ይህንን የሚጽፍልህ ሌላ ሰው ነበር።

ጥፋቱ ራሴ መሥራቴ አልነበረም። ብረቱን አላወቅሁትም። አሁን የምጠቀምበት ማውጫም የእጄ ሥራ ነው፤ ዓመታት ቆየ። ልዩነቱ ውፍረቱና ቡሎኑ ነው።

ፕላስትራው (ጠፍጣፋው ብረት) ከ10 ሚሊ አይነስ። ርዝመቱ አንድ መዳፍ ያህል፣ ስፋቱ 4 ሳንቲሜትር ይበቃል። ምናለሽ ተራ ከሚቆለለው ቁርጥራጭ ብረት መካከል ደህናውን ታገኛለህ። የመኪና ባሌስትራ ሲያሳዩህ እንዳትጓጓ፤ ጠንካራ ነው እውነት ነው፣ ግን ትራፓኖህን እንክት አድርጎ ነው የሚበላው። ለስላሳው ጥቁር ብረት በ10 ሚሊ ውፍረት ይበቃሃል። መሀሉን በሳና ቡሎን የሚገባበት ባለ 12 ሚሊ ጥርስ አውጣበት። ጥርስ ማውጫ ከሌለህ ቶርኖ ቤት ውሰደው፣ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ዳዶ በይዶ መሀል ላይ መለጠፍ አልወድም። ብየዳው የቱ ላይ እንደሚሰነጠቅ አይነግርህም።

የጎን ቀዳዳዎቹን ክብ አታድርጋቸው፣ ረዘም ያለ ስንጥቅ አድርጋቸው። ያኔ አንዱ ማውጫ ለብዙ ቮላኖ ይሆናል። ልኩን ለማግኘት ሜትር አያስፈልግህም። ነጭ ወረቀት ቮላኖው ላይ ዘርግተህ በእርሳስ ጎን ፋቅ ፋቅ አድርግበት። ቀዳዳዎቹ ከነጠርዛቸው ወረቀቱ ላይ ይወጣሉ። ወረቀቱን ብረቱ ላይ ለጥፈህ በፑንቶ (በሾለው ምልክት ማድረጊያ) ምታው። እኔ የአምስት ዓይነት ሞተር ወረቀት በአንድ የሻይ ቆርቆሮ ውስጥ አለኝ።

ቡሎኑ ላይ አትቆጥብ። ሶማሌ ተራ ከተፈታ መኪና የወጣ ቡሎን ስታገላብጥ ራሱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ታያለህ። 8.8 ማለት ብረቱ በአንድ ስኩዌር ሚሊሜትር እስከ 800 ኒውተን ድረስ ሳይበጠስ ይችላል፣ በዚያ 80 በመቶ ላይ ግን መለጠጥ ይጀምራል ማለት ነው። ቁጥር የሌለው ቡሎን ለበር ነው። ዝገት የበላውን ወይም አንገቱ የቀጠነውንም ተወው፣ ቁጥሩ ቢኖርም።

ስታስገባቸው ሁለት ነገር ጠብቅ። ቢያንስ የራሳቸውን ውፍረት ያህል ወደ ውስጥ ይግቡ፤ አልሙኒየም ከሆነ አንድ ተኩል እጥፍ። ደግሞም ከመጠን በላይ እንዳይረዝሙ። ከአንዳንድ ቮላኖ ጀርባ የመዳብ ጥቅልል አለ። ረጅም ቡሎን ሄዶ እሱን ይቧጭረዋል፤ ቮላኖ አወጣሁ ብለህ ቻርጀሩን ገድለህ ትመልሳለህ። ይህ ስህተት የሚታወቀው ባለቤቱ ከሦስት ቀን በኋላ ሲመጣ ነው።

ዳዶውን ከኮሎው ሙሉ በሙሉ አታውጣው። ከጫፉ ጋር እኩል እስኪሆን ብቻ ፍታው። የማውጫው መሀል ቡሎን እዚያ ላይ ይረፍ። አጥብቅ፣ ግን ነፍስህ እስኪወጣ አይደለም። ከዚያ የመሀሉን ቡሎን ራስ አንዴ በመዶሻ ምታው። «ቷ» ይልና ይለቃል። ካልለቀቀ ትንሽ ጨምር፣ ደግመህ ምታ። በእሳት ማሞቅ የሚባለውን እርሳው፤ ቮላኖው ውስጥ ማግኔት አለ፣ ሙቀት ያደክመዋል።

ጂኤክስ 160ና ቅጂዎቹ ላይ የማውጫ ጥርስ ያለው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ አታገኝም። እዚያ ማውጫህ አይሠራም። ጠርዙን በሦስት ጥፍር ማውጫ መሳብ ደግሞ ክንፉን ይሰብራል። እኔ የማደርገው ይህ ነው። ዳዶውን ከጫፉ ጋር እኩል አደርጋለሁ። ከጀርባ በኩል ትይዩ ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች አስገብቼ ረዳቴ በስሱ ወጠር ያደርጋቸዋል። የናስ ቁራጭ ዳዶው ላይ አድርጌ አንዴ፣ ቀጥ አድርጌ፣ በደንብ እመታለሁ። አሥር ጊዜ ለስለስ ብሎ መምታት ኩሽኔታውን ነው የሚጎዳው። አንተም የኮሎውን ጫፍ ያጠፋኸው ዳዶውን አውጥተህ ባዶውን ብረት ስለመታህ ይመስለኛል። ተሳሳትኩ?

ስትመልሰው ሾጣጣውን ክፍል በቤንዚን አጥበህ አድርቀው። ቅባት አይቀባም። ቮላኖውን የሚይዘው የሾጣጣው መናከስ ነው እንጂ በኮሎውና በቮላኖው መካከል የምትገባው፣ ቁልፍ የሚሏት ትንሽ ብረት አይደለችም። እሷ ቦታውን ለማሳየት ብቻ ናት። ዳዶው ከላላ ቁልፏ ትቆረጥና የእሳቱ ሰዓት ይዛባል፤ ሞተሩ የማስነሻውን ገመድ ከእጅህ ይመነጭቃል።

ታዲያ ምን ያህል ይጥበቅ? ጂኤክስ 160 ላይ 75 ኒውተን ሜትር ነው። እኔን ያስተማሩኝ ሰውዬ ቁጥር አያውቁም ነበር፤ በክንዳቸው ነው የሚሰሙት፣ ደግሞም አይሳሳቱም። እኔ ያ ክንድ የለኝም። ስለዚህ ሚዛን እጠቀማለሁ። የሻንጣ መመዘኛ የሚባለውን፣ መንገደኞች ለአውሮፕላን ሻንጣ የሚያንጠለጥሉበትን ትንሿን ዲጂታል ሚዛን።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ከዳዶው መሀል 50 ሳንቲሜትር ርቆ የቁልፉ እጀታ ላይ ምልክት አድርግ። ቁልፉ አጭር ከሆነ ቱቦ አስገባበት። 75ን በ0.5 ስታካፍል 150 ኒውተን ይመጣል። ያ 15.3 ኪሎ ነው። ሚዛኑን ምልክቱ ላይ አንጠልጥለህ ከእጀታው ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርተህ ሳብ። 15.3 ሲል አቁም። በሰያፍ ከሳብህ ቁጥሩ ይዋሻል። ለቴስታታው ቡሎኖች 24 ኒውተን ሜትር ነው፤ በ25 ሳንቲሜትር ክንድ 9.8 ኪሎ። የቢዬላው (ፒስቶኑን ከኮሎው የሚያያይዘው ክንድ) ቡሎኖች 12 ኒውተን ሜትር ናቸው፤ በዚያው ክንድ 4.9 ኪሎ። እጀታው የእጅ ሥራ ነው፣ ቁጥሩን የሚናገረው ግን የተገዛ ነው። ሚዛኑን ራሱን አልፎ አልፎ ፈትነው። ባለ 5 ሊትር የውሃ ጀሪካን ሞልተህ ስትሰቅል ከጀሪካኑ ክብደት ጋር ከ5 ኪሎ ጥቂት አለፍ ማለት አለበት።

የፋሻ መጭመቂያ አትግዛ። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አለህ? በቃ። የጂኤክስ 160 ፒስቶን 68 ሚሊ ነው፤ ዙሪያው ወደ 213 ሚሊ ይመጣል። ቆርቆሮውን 205 በ35 ሚሊ አድርገህ ቁረጠው። ያጠረው ሆን ብዬ ነው። ጫፎቹ ከተደራረቡ ውስጥ በኩል ደረጃ ይፈጠርና ፋሻው እዚያ ይያዛል። ጠርዙን በሞረድ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፤ ጣትህን ስታሻሽበት ምንም መቧጨር የለበትም። ዘይት ቀባው። ከላይ ትልቅ ፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) አስረህ በካቻቢቴ አጥብቅ። የሦስቱን ፋሻዎች ክፍተት በዙሪያው አራርቃቸው፣ የቆርቆሮው ክፍተት ደግሞ ከማናቸውም ጋር አይገጥም።

ፒስቶኑን በመዶሻው የእንጨት እጀታ ግፋ፤ በብረቱ አይደለም። ቶክ ቶክ እያለ ይወርዳል። በመሀል ድምፁ ከተለወጠና ቀጥ ካለ አቁም። አንድ ፋሻ አምልጦ ጠርዙ ላይ ተቀምጧል። አንድ ጊዜ ብቻ «ትንሽ ልጨምር» ብትል ፋሻው ሁለት ይሆናል።

የቫልቮላ ስፕሪንግ መጭመቂያ ለእነዚህ ሞተሮች አያስፈልግህም ማለት ይቻላል፣ በሁለት አውራ ጣት ይጫናል። ግማሽ ጨረቃ መያዣ ላላቸው የሞተር ሳይክል ቴስታታዎች ጎኑ ላይ መስኮት የተቆረጠለት የቱቦ ቁራጭና አንድ ሞርሴቶ (በቡሎን የሚጠብቅ መቆንጠጫ) ይበቃሉ። ቱቦው ነጭ ጋልቫናይዝድ ከሆነ አትበይደው፣ ጭሱ ያሳምማል።

የኮምፕሬሽን መለኪያ ያልከው ላይ ትንሽ ልቆይ። ገንዘብህን እዚህ ላይ እንዳታፈስስ ነው የምፈራልህ።

መለኪያውን ገዝተህ ካንዴላው ቀዳዳ ላይ አስረህ ገመድ ስትስብ ዝቅተኛ ቁጥር ያሳይሃል። ሞተሩ ሞቷል ብለህ ባለቤቱን ታስደነግጣለህ። ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ እነዚህ ሞተሮች ካም (ቫልቮላዎቹን የሚከፍተው ዘንግ) ላይ ትንሽ ማላላቂያ አላቸው። በገመድ ስትስብ እጅህ እንዳይሰበር የመውጫውን ቫልቮላ በጥቂቱ ይከፍታል፣ ሞተሩ ሲፈጥን ይዘጋል። ስለዚህ በገመድ የምትለካው ግማሹን ነው። ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። አየሩ የሚጫነን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። መጽሐፉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ለእኛ አይደለም። ሆንዳ ራሱ በየ300 ሜትሩ ኃይሉ 3.5 በመቶ ይቀንሳል ይላል፤ አባዝተህ ብታየው እዚህ ከሩብ በላይ ይጎድላል። ደንበኛህ «ይህ ጄኔሬተር የተጻፈበትን ያህል አይሸከምም» ብሎ ሲቆጣ ይህንን ንገረው።

እኔ የምመክርህ መጠኑን ሳይሆን ቦታውን የሚነግርህን መሣሪያ ነው። አሮጌ ካንዴላ ውሰድ። ሸክላውን በጨርቅ ጠቅልለህ ስበረው፣ መነጽር አድርግ። የብረት ቅርፊቱ ብቻ ይቅር። ብዙዎቹ ካንዴላዎች 14 ሚሊ ውፍረትና 1.25 የጥርስ እርምጃ ስለሆኑ ለብዙ ሞተር ይሆንልሃል። ቅርፊቱ ውስጥ የናስ የቱቦ ጫፍ አስገብተህ በናስ አስበይደው። አሁን ከጎሚስታው ኮምፕሬሰር አየር የምታስገባበት በር አለህ።

ፒስቶኑን በመጭመቂያው ምት ጫፍ ላይ አቁም፣ ልክ ጫፉ ላይ። ከ2 እስከ 3 ባር ብቻ ስጠው። ይህንን ቁጥር ቀላል አድርገህ እንዳታየው። የ68 ሚሊ ፒስቶን ራስ 36 ስኩዌር ሳንቲሜትር ነው፤ 3 ባር ሲገባበት ወደ 110 ኪሎ ይገፋዋል። ከጫፉ ፈቀቅ ካለ ኮሎው በድንገት ይዞራል። ቁልፍ ተሰክቶበት ከሆነ ቁልፉ ፊትህን ያገኘዋል። እጅህንም ከመጎተቻው ገመድ አርቅ።

ከዚያ ዝም ብለህ አዳምጥ። ጎረቤት ሙዚቃ ከከፈተ ቀንስልኝ በለው። በካርቡሬተሩ በኩል «ሺ» ካለ የመግቢያው ቫልቮላ ነው። በማርሚታው በኩል ከሆነ የመውጫው። በዘይት መሙያው በኩል የሚነፍስ ከሆነ ፋሻው አርጅቷል። ጥቂት ንፋስ እዚያ በኩል ጤነኛ ሞተርም ላይ አለ፤ ጆሮህ እስኪለምድ ደህና ሞተር ላይ ተለማመድ። በቴስታታው ጎን የሳሙና ውሃ ቀብተህ አረፋ ካወጣ ጓርኒሲዮኑ (የቴስታታው ማሸጊያ) ነው። ባለቤቱን ጠርተህ አረፋውን አሳየው። ስለ ዋጋው መከራከር ያቆማል።

የእሳት መፈተሻም በአንድ አሮጌ ካንዴላ ይሠራል። ብዙዎቻችን ካንዴላውን ፈትተን ሞተሩ ላይ አስደግፈን እንስባለን፣ ሰማያዊ እሳት ስናይ «እሳት አለ» እንላለን። በአየር ላይ 0.7 ሚሊ መዝለል ለደካማ ኮይልም ቀላል ነው። ሲሊንደር ውስጥ አየሩ ተጨምቆ ሳለ ነው የሚከብደው። ስለዚህ የጎኑን ብረት በሴጌቶ ቁረጠው፣ እሳቱ ከመሀሉ ወደ ቅርፊቱ 5 ወይም 6 ሚሊ እንዲዘል አድርግ። ቅርፊቱ ላይ የባትሪ መቆንጠጫ እሰር። መቆንጠጫው ሞተሩን ይንከስ፣ አንተ አትያዘው። ከካንዴላው ቀዳዳ አርቀህ አስቀምጠው፤ ከዚያ የሚወጣው የቤንዚን ትነት ነው።

የዙር መለኪያ የምትፈልግ ከሆነ አለህ። መልቲሜትርህ ሄርዝ የሚያሳይ ከሆነ ጄኔሬተሩ ሶኬት ላይ ሰካው። ተራው ባለ ሁለት ፖል ጄኔሬተር 50 ሄርዝ ሲል 3,000 ዙር ላይ ነው። ጭነት ሳይኖረው ከ51 እስከ 52 ቢል ጥሩ ነው። ኢንቨርተር በሆኑት ግን ይህ አይሠራም፣ ሞተሩ ምንም ቢዞር 50 ነው የሚያሳዩት።

ለካርቡሬተር ቀዳዳ ከፍሌክሲብል ገመድ የተመዘዘ አንድ የመዳብ ክር ተጠቀም። መርፌና ትራፓኖ ናሱን ያሰፉታል። ለሙከራ ታንክ ሃይላንድ ላይ ቱቦ አስረው የሚሰቅሉ አሉ። እኔም አድርጌዋለሁ። የግሉኮስ ቱቦ ግን ቤንዚን ሲነካው ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ እውነተኛ የቤንዚን ቱቦ አንድ ሜትር ግዛ። ሃይላንዱም ከሞቀ ማርሚታ በላይ አይሰቀል።

እንግዲህ የአንተ ኮሎ። ዳዶውን በግድ ለማስገባት አትሞክር፤ የቀረውን ጥርስ ትጨርሰዋለህ። ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ ያዝና ጫፉ ላይ ያበጠውን ዙሪያውን በሰያፍ አንሳው፤ የመጀመሪያው ጤነኛ ጥርስ እስኪታይ ድረስ። ብናኙ ወደ ጥቅልሉ እንዳይገባ ዙሪያውን በጨርቅና በቅባት ሸፍን።

ከዚያ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን መሣሪያ ትሠራለህ። ያው ጥርስ ያለው ጠንካራ ዳዶ ሌላ ግዛ። ሞርሳ ላይ አስረህ ከውስጥ በኩል ሦስት ቦታ ላይ ጥርሶቹን አቋርጦ የሚያልፍ ቀጭን ስንጥቅ በሴጌቶ አውጣበት። ስንጥቆቹ ቆሻሻውን ይቀበላሉ፣ ጠርዛቸው ደግሞ ይቆርጣል። ዘይት ቀብተህ በእጅህ ጀምረው፣ ቀጥ ማለቱን አይተህ በቁልፍ ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ወደኋላ። ሲከብድህ አውጣው፣ ጥረገው፣ ደግመህ ግባ።

ሲያልቅ ካንዴላው ወጥቶ ሳለ ሞተሩን በእጅህ አዙርና የኮሎውን ጫፍ ከአንድ ቋሚ ነገር ጋር አስተያይ። ሲዞር ከወዲያ ወዲህ ካለ ተጣሟል፣ እዚያ ላይ ድካምህን አቁም። ወደ ላይና ወደ ታችም ነቅንቀው፤ ቋ ቋ ካለ ኩሽኔታው ነው። ሁለቱም ከሌሉ ትክክለኛውን ዳዶ ያለ ቁልፍ፣ በጣትህ ብቻ አውርደው። እስከ ታች ከወረደ ቮላኖውን መልስ። መሀል ላይ ከቆመ ደግሞ ሞተሩን ተሸክመህ ቶርኖ ቤት ሂድ፣ ዳዶውን ግን ኪስህ ውስጥ ይዘህ፤ ያለዚያ በዓይን ለክተው የማይገጥም ጥርስ ያወጡልሃል።